እናቴ ዲያሊሲስ ላይ ናት፣ ድካሟን ሐኪም ፊት እንዴት ነው ማስረዳት የሚቻለው?

ሚሚ_ሳሪስ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ ስኳርና ግፊት ከድሮም ነበረባት፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል ተብሎ ዲያሊሲስ፣ ማለትም ደሟን በማሽን ማጠብ፣ ጀምራለች። ሰኞና ሐሙስ ነው የምትታጠበው፣ በሳምንት ሦስቴ ቢሆን ይሻላል ተብለን ነበር ግን ሦስተኛውን አቅማችን አልቻለውም፣ ሁለቱንም ቢሆን ዱባይ ያለችው እህቴ እየላከችልን ነው የምንከፍለው።

የምጠይቃችሁ ስለ ድካሟ ነው። ታጥባ ስትመጣ ያን ቀን እንዳለ ትተኛለች፣ በማግስቱም እስከ ከሰዓት አልጋ ላይ ናት፣ ምግብ ሳቀርብላት ማኘኩ ራሱ ደከመኝ ትላለች። ድሮ እኮ እንጀራዋን ጋግራ ገበያ ደርሳ ማታ ደግሞ ለቅሶ ቤት የምታመሽ ሴት ናት፣ አሁን ከመኝታ ቤት ሳሎን ስትመጣ ግድግዳ ተደግፋ ነው። ሐኪሙ ጋ ስንገባ ግን "እማማ እንዴት ነዎት" ሲላት "እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተ እንዴት ነህ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው" ትለዋለች፣ እሱም የደም ውጤቷን ያይና ጥሩ ነው ብሎ ያንኑ መድኃኒት ደግሞ ይጽፍላታል፣ እንወጣለን። እኔ መሀል ገብቼ "ዶክተር በጣም እየደከማት ነው" ስለው "የኩላሊት ህመም ያደክማል እንግዲህ" አለኝ፣ አለቀ።

ግፊቷ ቁጥር አለው፣ ስኳሯ ቁጥር አለው፣ ፖታሲየሟ ቁጥር አለው፣ ድካሟን ግን ማንም ወረቀት ላይ አያሰፍረውም። እና ጥያቄዬ፣ የድካም መለኪያ የሚባል ነገር አለ ወይ? ካለስ እኛ ቤት ሆነን መያዝ እንችላለን? ደግሞስ ይሄ በቃ ከበሽታው ጋር የሚመጣ ነው ተቀበሉት የሚባል ነው ወይስ ሊስተካከል የሚችል ምክንያት ሊኖረው ይችላል? የምታውቁ ንገሩኝ በእግዚአብሔር።


ሲስተር_ቲ፦

እህቴ ሚሚ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ዲያሊሲስ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፣ የጻፍሽው ነገር በየፈረቃው የማየው ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መለኪያ አለ። ከሁሉ ቀላሏ አንዲት ጥያቄ ናት፣ "ከታጠቡ በኋላ ወደ ራስዎ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?" ትባላለች። መልሱ "ምንም አይፈጅብኝም" ሊሆን ይችላል፣ "ሁለት ሦስት ሰዓት" ሊሆን ይችላል፣ "በማግስቱ ነው" ሊሆን ይችላል። ይቺ ጥያቄ በብዙ አገር በሺዎች ለሚቆጠሩ የዲያሊሲስ ታካሚዎች ቀርባ ለማገገም ከ12 ሰዓት በላይ የሚፈጅባቸው ሰዎች ሆስፒታል የመተኛታቸውም የመሞታቸውም ዕድል ከፍ ብሎ ተገኝቷል፣ ስለዚህ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እናትሽ በማግስቱ እስከ ከሰዓት አልጋ ላይ ከሆነች እኮ ከዛ በላይ ነው የሚፈጅባት፣ ይሄን ለሐኪሙ በሰዓት ንገሪው፣ "በጣም ይደክማታል" ከምትይው "ሐሙስ ታጥባ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው የተነሳችው" በዪው።

ሌላ ደግሞ ለዲያሊሲስ ሰው ተብሎ የተሠራ ሦስት ጥያቄ ብቻ ያለው መመዘኛ አለ፣ ሶንግ የሚባለው ዓለም አቀፍ ቡድን ያዘጋጀው። ይሄ ቡድን ከብዙ አገር ታካሚዎችን፣ አስታማሚዎችንና ሐኪሞችን ሰብስቦ በዲያሊሲስ ጥናት ላይ የግድ መለካት ያለበት ምንድን ነው ብሎ ሲያስመርጥ ከልብ በሽታ፣ ማሽኑ ከሚገጠምበት የደም መስመርና ከሞት እኩል የመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ የገባው ድካም ነው። ጥያቄዎቹ ባለፈው ሳምንት ድካም ተሰምቶሽ ነበር ወይ፣ አቅም አጥተሽ ነበር ወይ፣ ድካሙ የዘወትር ሥራሽን ከልክሎሻል ወይ የሚሉ ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ምንም ካልሆነ 0፣ ትንሽ ከሆነ 1፣ መካከለኛ ከሆነ 2፣ ከባድ ከሆነ 3 ትሰጫለሽ፣ ድምሩ ከ9 ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሁድ ማታ፣ ጠይቀሽ ደብተር ላይ ያዢው።

አሁን ደግሞ ከሥራዬ የማውቀውን ልጨምርልሽ። ከታጠቡ በኋላ የሚመጣው ድካም ብዙ ጊዜ ከሚወጣው ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ሰኞና ሐሙስ ስትታጠብ በመሀል ሦስት ቀን አንዴ ደግሞ አራት ቀን አለ፣ በዛ ውስጥ የጠጣችውና የበላችው ፈሳሽ ሁሉ በአራት ሰዓት ውስጥ ይውጣ ሲባል ሰውነት አይችለውም። የሚወጣው ውሃ በኪሎ ግራም ክብደት በሰዓት ከ13 ሚሊ ሊትር ሲበልጥ ለልብም ጥሩ እንዳልሆነ ታውቋል፣ ይሄ ማለት 60 ኪሎ የሆነ ሰው በአራት ሰዓት ውስጥ 3 ሊትር ገደማ ነው ልኩ። አራት አምስት ኪሎ ጨምራ የምትመጣ ከሆነ ግፊቷ ማሽኑ ላይ እያለች ይወርዳል፣ እግሯን ቁርጥማት ይይዛታል፣ ቤት ስትደርስ ደግሞ እንደወደቀች ናት። ስለዚህ ስትገባና ስትወጣ የምትመዘነውን ኪሎ ጻፊ። ደረቅ ክብደቷም፣ ማለትም ትርፍ ውሃ ሳይኖርባት የሚሆነው ኪሎዋ፣ ራሱ በየጊዜው መታየት አለበት፣ ምግብ እየበላች ስጋ ካወጣች ወይ ከከሳች የድሮው ቁጥር አይሠራም፣ እዛው የድሮው ላይ ተቀምጦ ከሆነ ወይ ከልክ በላይ እያደረቋት ነው ወይ ውሃ ተርፎባታል፣ ሁለቱም ያደክማል። ጨው ቀንሱላት፣ ጨው ነው ውሃ የሚያስጠማው፣ ውሃ ቀንሺ ብሎ መጨቅጨቅ ብቻውን አይሠራም።


የጎጃም_ልጅ፦

እኔ ራሴ ማሽን ላይ ነኝ፣ አመታት ሆነኝ። ሲስተር ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን እህቴ ሚሚ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እናትሽ ደህና ነኝ የምትለው በምስጋና ልማድ ብቻ አይመስለኝም። ደከመኝ ካልኩ ሦስተኛ ቀን ይጨመርላት ይላሉ፣ ሦስተኛ ቀን ከተጨመረ ልጄ ከዱባይ ከየት ታመጣለች ብላ እያሰበች ሊሆን ይችላል። እኛ ማሽን ላይ ያለን ሰዎች ሁልጊዜ የምንቆጥረው ይሄንኑ ነው፣ ስንት ወጣብኝ፣ ማንን አከሰርኩ። አብሮኝ የሚታጠብ ሰውዬ ደረቱን እየወጋው ለልጁ ሳይናገር ሳምንት ቆይቷል፣ ለምን ስለው ኤክስሬይ ሊያዙብኝ ነው አለኝ። ስለዚህ መጠየቂያ ወረቀቱን ከማውጣትሽ በፊት ቁጭ በይና "እማዬ ብትነግሪን ወጪ ይጨምራል ብለሽ አትፍሪ፣ መጀመሪያ የሚስተካከለውን እናስተካክል" በያት፣ ምክንያቱም ወጪ የማይጠይቅ ማስተካከያ በጣም ብዙ አለ።

ሌላው፣ ሐኪሙ ጋ አንቺ ቀድመሽ አትናገሪላት፣ ይሄን ስል እንዳይከፋሽ። ሰው በራሱ ፊት ስለ ራሱ ሌላ ሰው ሲያወራ ይሸማቀቃል፣ በተለይ እናት ልጇ "እማዬ እኮ ሽንት ቤት እንኳን መሄድ አቅቷታል" ስትል። ቤት ውስጥ አብራችሁ ጽፋችሁ እሷ ራሷ ወረቀቱን ለሐኪሙ ትስጠው።

ስለ መለካቱ ደግሞ እኔ ድካም ምን ያህል ነው ከማለት ድካም መቼ ነው የሚለው ይበልጥብኛል። የኔ ድካም የማሽን መስሎኝ ነበር የቆየው ግን ሲጣራ የእንቅልፍ ነው የሆነው፣ ሌሊት እግሬ ዝም ብሎ አልቀመጥ ይለኛል፣ እየተነሳሁ ቤት ውስጥ እመላለሳለሁ፣ ቀን ደግሞ እንደ ሰካራም ነኝ። ይሄ ነገር በኩላሊት ሰው ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ ስምም መድኃኒትም ያለው ነገር ነው፣ የደም ብረት ሲያንስ ደግሞ ይብስበታል፣ ግን ማንም እንዴት ታድራለህ ብሎ ስላልጠየቀኝ ብዙ ጊዜ ተቀመጠብኝ። እናትሽ ሌሊት እንዴት እንደምታድር አብረሻት ተኝተሽ እዪ። የጠዋት ፈረቃ ከሆነችም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ታክሲ ፍለጋ የምትወጣ ከሆነ ያም ራሱ ድካም ነው፣ ፈረቃ ማስቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ።


ቤቲ_ሜሪላንድ፦

ሚሚዬ አይዞሽ። የኔ ኩላሊት አይደለም፣ ሉፐስ ነው ያለብኝ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ፣ ግን የድካም ነገር ስለሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። እዚህ አሜሪካ ቀጠሮ በሄድኩ ቁጥር ሐኪሟን ከማግኘቴ በፊት ፋሲት የሚባል የድካም መጠይቅ ያስሞሉኛል፣ 13 ጥያቄ ነው፣ ባለፉት 7 ቀናት ብሎ ይጠይቃል፣ ከ0 እስከ 52 ነው ነጥቡ፣ ከፍ ሲል ነው ጥሩ የሚሆነው። አንዱ ጥያቄ ከድካም ብዛት መብላት አቅቶኛል ወይ ይላል፣ እናትሽ ማኘኩ ደከመኝ ያለችውን ሳነብ እሱ ነው ትዝ ያለኝ፣ ሰው ዓለም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይሰማዋል ማለት ነው። ቀን ላይ መተኛት ያስፈልግሃል ወይ፣ ማድረግ የፈለግከውን ስለደከመህ ማድረግ ባለመቻልህ ትበሳጫለህ ወይ የሚልም አለው።

ጥቅሙን ልንገርሽ። ሐኪሟ የዛሬውን ነጥብ ብቻ አይደለም የምታየው፣ ካለፈው ጋር ነው የምታስተያየው፣ ሦስት አራት ነጥብ ከወረደ አንድ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው ብላ ነው የምትመረምረው። አንዴ ደሜ ሁሉ ኖርማል ሆኖ ነጥቤ ግን በጣም ወርዶ ስታይ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ አዘዘችልኝና እሱ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱ ባይኖር እኔም እንደ እናትሽ "ደህና ነኝ" ብዬ ነበር የምወጣው፣ እውነቴን ነው፣ እኛ ሐበሾች ሐኪም ፊት ስንቀመጥ እንግዳ የሆንን ይመስለናል፣ ማስቸገር አንወድም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፣ መጠይቁን እንግሊዝኛውን ከስልክ አውርደሽ በራስሽ እየተረጎምሽ አትጠይቂያት፣ እዚህ አስተርጓሚ በየጊዜው ሲቀያየር የአክስቴ መልስ እንዴት እንደሚለዋወጥ አይቻለሁ። ጥያቄው በየሳምንቱ በአንድ ዓይነት ቃል መጠየቅ አለበት፣ አንዴ ከወሰንሽ አትቀያይሪው።


ዶር_ውስጥ_ደዌ፦

ሰላም ሚሚ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ስለሆነ የምጽፈው ይቆራረጣል።

መጀመሪያ "የኩላሊት ህመም ያደክማል" የሚለው መልስ እውነት ነው ግን ምርመራ አይደለም፣ ድካም ሲባል ምክንያቱ ተፈልጎ ሲታጣ ብቻ ነው እንደዛ የሚባለው። እናትሽ ላይ እኔ ብሆን የምፈልገውን ልንገርሽ፣ ለሐኪማችሁ እንድታነሱት።

አንደኛ ደም ማነስ። ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን መነሻ ስለሆነ ሲደክም ደም ያንሳል፣ ለዛ ነው መርፌው የሚሰጠው። ዲያሊሲስ ላይ የሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) ግብ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 11.5 አካባቢ ነው፣ ሰዎች እንደ ጤነኛ ሰው 14 ለምን አይደረግላትም ይሉኛል፣ በመርፌ ወደ 13 ለማድረስ በተሞከሩ ትልልቅ ጥናቶች ላይ ስትሮክና የልብ ችግር ስለታየ ነው። ስለዚህ "ደሟ ጥሩ ነው" ሲባል ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፣ የብረት ክምችቷ ታይቶ እንደሆነም ጠይቁ፣ ብረት ከሌለ መርፌው ብቻውን አይሠራም።

ሁለተኛ መድኃኒቶቿ፣ ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም አገራችን ላይ በጣም የሚረሳ ነገር ነው። ስኳር አለባት ብለሻል። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ስለዚህ ድሮ ትወጋው የነበረው መጠን አሁን ሊበዛባት ይችላል፣ ስኳሯ እየወረደባት ማላብ፣ መንቀጥቀጥና መዛል ሊሆን ይችላል፣ ምግብ ሳትበላ ስትቀር ደግሞ ይብሳል። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ኪኒን እየወሰደች ከሆነ በተለይ ንገሩ፣ ኩላሊት ለሌለው ሰው የማይመከር ነው፣ ስኳር አውርዶ ረጅም ሰዓት ያቆያል። ሲደክማት በዛው ሰዓት ስኳሯን ለኪና ከድካሙ ነጥብ ጎን ጻፊው። ለግፊት አቴኖሎል የምትወስድ ከሆነም እንደዛው፣ እሱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ይጠራቀማል፣ የልብ ምቷን ቀንሶ ያዝላታል፣ ስትለኪያት ከግፊቱ በታች ያለችውን የልብ ምት ቁጥርም ጻፊ። ግን ማንኛውንም መድኃኒት ራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ አደራ።

ሦስተኛ ድብርት። የሚጠየቅበት 9 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፣ አማርኛው አዲስ አበባ ውስጥ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ጥያቄው ራሱ ስለ ድካም ስለሆነ የኩላሊት ሰው ላይ ነጥቡን ሊያስጨምር ይችላል፣ ስለዚህ እኔ ይበልጥ የማየው ድሮ ደስ ይላት የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይላታል ወይ የሚለውን ነው። ጎረቤት ቡና ሲጠራት አቅም አጥታ ነው የቀረችው ወይስ መሄዱንም አትፈልግም? ሁለቱ ይለያያሉ።

ስለ አጠቃላይ ጤናዋ ደግሞ አምስት ነገር የሚጠይቅ ኢኪው የሚባል መጠይቅ አለ፣ መራመድ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዘወትር ሥራ፣ ህመም፣ ጭንቀትና ድብርት። በአማርኛ አለ፣ በ2020 እንደ ፈረንጆቹ የኢትዮጵያውያን የራሳቸው የነጥብ አሰጣጥ ሁሉ ታትሞለታል። መጨረሻው ላይ ከ0 እስከ 100 የሆነ ማስመሪያ አለ፣ ዛሬ ጤናሽ የት ላይ ነው በጣትሽ አሳዪ የሚባልበት፣ አረጋውያን እሱን ይወዱታል። እና ደግሞ "በአጠቃላይ ጤናሽን እንዴት ታዪዋለሽ፣ እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ደህና፣ መጥፎ" የምትል አንዲት ጥያቄ የሰውየውን ዕጣ ቀድማ ስትናገር በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ታይታለች። ሰው ስለ ሰውነቱ የሚያውቀው እኛ ከምንለካው ይበልጣል ብዬ ነው የማምነው።

አሁን ሳትጽፉ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬደውን ልንገርሽ። ድንገት የመጣ የእግር መክዳት ወይ የልብ ምት መዘበራረቅ፣ በተለይ እጥበት ካለፋት በኋላ፣ ፖታሲየም ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አንገቷ ላይ ወይ ደረቷ ላይ ካቴተር (ለእጥበት የገባ ቱቦ) ካለ ደግሞ ድካም ከብርድ ብርድና ትኩሳት ጋር ከመጣ ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ አስቡ። ደረት ላይ ህመም፣ ተጋድሞ መተንፈስ አለመቻል፣ እነዚህም አያስጠብቁም። ለሳምንታት የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ቲቢ ይመርመሩ፣ ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣል።


ሚሚ_ሳሪስ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አንብቤ ስጨርስ አለቀስኩ። የጎጃም ልጅ ያልከው ልክ ነው፣ ቡና አፍልቼ ቁጭ ብዬ ስጠይቃት "አንቺ ደግሞ ለእህትሽ ልትነግሪያት ነው" አለችኝ። ከዛ ብዙ አወራን። ሦስቱን ጥያቄ ጠየቅኳት፣ ድካም 3፣ አቅም ማጣት 3፣ ሥራ መከልከል ላይ 2 አለች፣ ለምን 2 ስላት "ሽንኩርት ተቀምጬ እልጣለሁ እኮ" አለችኝ። 8 ብዬ ጻፍኩ። ኢንሱሊኗ ከዲያሊሲስ በፊት የታዘዘው መጠን ነው፣ ማንም አልነካውም፣ ይሄን ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ግሊቤንክላሚድ አትወስድም፣ አቴኖሎል ግን አለ፣ 50 ይላል። የልብ ምቷን ለካሁት 54 ነው።

ሲስተር አንድ ጥያቄ፣ የግፊት ኪኒኗን በምትታጠብበት ቀን ጠዋት ወስዳ ነው የምትሄደው፣ ማሽን ላይ ግፊቷ ወረደ ብለው እግሯን ከፍ ያደረጉላት ቀን ብዙ ነው፣ ይሄ ይገናኛል?


ሲስተር_ቲ፦

አዎ ሊገናኝ ይችላል። አንዳንድ ታካሚዎች የዛን ቀን ኪኒናቸውን ከታጠቡ በኋላ ወይ ማታ እንዲወስዱ ሐኪም ያዛል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ማሽን ላይ ግፊታቸው የሚጨምር ስለሆነ ጠዋት መውሰድ አለባቸው፣ ስለዚህ የእሷን የሚወስነው የሷ ሐኪም ነው። ማስረጃው እኛ ጋ ነው ያለው፣ በየእጥበቱ ነርሷ ግፊቷን እየለካች የምትሞላው ወረቀት አለ፣ የስድስት ሰባት እጥበት ወረቀት ፎቶ አንሺና ዝቅተኛዋን ቁጥር አክብቢባት። ከዛ ላይ የልብ ምቱን 54 እና የኢንሱሊኑን መጠን ጨምሪበት። 54 ዝቅ ያለ ነው፣ ዶክተር እንዳሉት ከአቴኖሎል ጋር የሚታይ ነገር ስለሆነ እስከ ቀጠሮሽ አትጠብቂ፣ ሐሙስ ለእጥበት ስትሄዱ ተረኛ ሐኪሙን በዛው አሳዩት፣ የሚያዞራት ከሆነ ደግሞ ነገውኑ ሂዱ። ኢንሱሊኑንም እንደዛው፣ የሌሊቱን ስኳር ከመተኛቷ በፊትና ጠዋት ስትነሳ ለክተሽ ያዢላቸው።